የሞተረኛ ጥሩር

ስለ ሞተር ደኅንነት ወሬ ሲነሣ ሁሉም ሰው ሄልሜት ላይ ያቆማል። ሄልሜትማ የግድ ነው፤ እሱ ላይ ክርክር የለኝም። እኔ ዛሬ ላወራችሁ የፈለግሁት ከአንገት በታች፣ ከወገብ በላይ ስላለው አካላችን ነው። ልብ፣ ሳንባ፣ ጉበት፣ ጣፊያ፣ አከርካሪ፣ ሁሉም እዚያ ነው ያለው። ብዙው ሞተረኛ ግን ይህን ሁሉ ሀብት ለብርድ በገዛው ጃኬት ብቻ ሸፍኖ አስፋልት ላይ ይወጣል።

እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣ አንድ ጥናት አለ። የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲው ሃሪ ኸርትና ባልደረቦቹ ሎስ አንጀለስ ውስጥ የደረሱ 900 የሞተር አደጋዎችን ቦታው ድረስ እየሄዱ መረመሩ። ጥናቱ እስከ ዛሬ የሚጠቀሰው በሄልሜት ጉዳይ ነው። እዚያው ውስጥ ግን ብዙ ሰው አንብቦ የሚያልፈው ሌላ ግኝት አለ፦ ሰው የገደሉት ዋና ዋናዎቹ ጉዳቶች የራስና የደረት ጉዳቶች ነበሩ። ራስን ሄልሜት አገኘንለት። ደረትስ?

መጀመሪያ ጥሩር እንዴት እንደሚሠራ እንይ፤ እኔን በጣም የሚገርመኝ እዚህ ላይ ነው። 5 ኪሎ የሚመዝን ብረት ከ1 ሜትር ከፍታ ሲለቀቅ ታች የሚደርሰው 50 ጁል የሚጠጋ ጉልበት ይዞ ነው። ያ ጉልበት የሆነ ቦታ ማለቅ አለበት። ብረቱ ያረፈበትን ነገር 2 ሚሊ ሜትር ብቻ አስምጦ ከቆመ፣ የሚያሳርፈው ኃይል በአማካይ 25 ኪሎ ኒውተን ነው። 1 ሳንቲ ሜትር አስምጦ ከቆመ ግን ኃይሉ ወደ 5 ኪሎ ኒውተን ይወርዳል። ኪሎ ኒውተን ግራ ካጋባችሁ በኩንታል አስቡት፤ 1 ኪሎ ኒውተን ከ1 ኩንታል ክብደት ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል፣ ልዩነቱ 2 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ ያው ብረት፣ ከዚያው ከፍታ ወድቆ፣ በአንዱ 25 ኩንታል በሌላው 5 ኩንታል ሆኖ ያርፍባችኋል። ልዩነቱን ያመጣችው 8 ሚሊ ሜትር ናት!

ጥሩር ማለት እንግዲህ ያቺን 8 ሚሊ ሜትር የሚሰጣችሁ ነገር ነው። ምቱን ያዘገየዋል፤ ደግሞም አንድ ነጥብ ላይ ሊያርፍ የነበረውን ኃይል ሰፋ ባለ ቦታ ላይ ይበትነዋል። እጅግ ስስ የሆነ ስፖንጅ የማይረባው በዚህ ምክንያት ነው፦ ተጨፍልቆ ያልቅና ምቱ ገና ሳይበርድ አጥንት ላይ ይደርሳል። በጣም ግትር የሆነ ብረትም ብቻውን ጥሩ አይደለም፤ ይበትናል እንጂ አያዘገይም።

አውሮፓ ውስጥ ለሞተረኛ የሚሸጡ መከላከያዎች የሚፈተኑት በዚሁ መንገድ ነው። ኢ ኤን 1621 የሚባል መስፈርት አለ። መከላከያውን ኃይል በሚለካ መሣሪያ ላይ ያስቀምጡና በ50 ጁል ይመቱታል፤ ከዚያ በስተጀርባው ስንት ኪሎ ኒውተን እንዳለፈ ያነባሉ። ለክርንና ለጉልበት አንደኛው ደረጃ በአማካይ እስከ 35፣ ሁለተኛው ደረጃ እስከ 20 ይፈቅዳል። ለጀርባ ሲሆን ይጠብቃል፦ አንደኛው ደረጃ 18፣ ሁለተኛው 9። በኩንታል አስቡት እንግዲህ። ደረጃ 1 እና ደረጃ 2 በስም ብቻ የሚለያዩ አይምሰሏችሁ፤ ለጀርባ ሁለተኛው እንዲያልፍ የሚፈቅደው የአንደኛውን ግማሽ ነው።

አሁን አንድ ብልህ ሰው ይጠይቀኛል፦ ከ1 ሜትር የወደቀ ብረት ሲያርፍ ፍጥነቱ በሰዓት 16 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በ60 ለሚሄድ ሞተረኛ ይሄ ምን ይፈይዳል? ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሱ ያለው አወዳደቁ ላይ ነው። ሞተር ተንሸራቶ ሲጥላችሁ፣ ወደ መሬት የምትወርዱበትን ፍጥነት የሚወስነው የተቀመጣችሁበት ከፍታ ነው እንጂ የመንገዱ ፍጥነት አይደለም። ወደ ፊት የነበረው 60 ደግሞ አስፋልት ላይ ስትንሸራተቱ ቀስ በቀስ ያልቃል፤ ያንን የሚችለው ቆዳ ወይም ጠንካራ ጨርቅ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ጓ የሚለው ምት ከፈተናው ብዙም አይርቅም። በ60 ፍጥነት ከመብራት እንጨት ወይም ከቆመ አይሱዙ ጋር ፊት ለፊት መላተም ግን ሌላ ነው። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው በዚያ ፍጥነት 9,700 ጁል ያህል ተሸክሟል። ያንን የሚውጥ ጥሩር እስካሁን አልተሠራም። ይህን ሳልነግራችሁ ባልፍ ጓደኛ አይደለሁም።

የጀርባ መከላከያ ታሪክም ደስ ይላል። እንግሊዛዊው የሞተር ተወዳዳሪ ባሪ ሺን እ.ኤ.አ. በ1975 ዴይቶና ላይ ሲለማመድ የኋላ ጎማው ከዳውና በሰዓት 280 ኪሎ ሜትር ገደማ እየበረረ ወደቀ። ጭኑ፣ ክንዱ፣ የጎድን አጥንቶቹ፣ አከርካሪውም ሳይቀር ተሰበሩ። ይህ ሰው በ1976 እና በ1977 የ500 ሲሲ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ! ከዚያ በኋላ ሺን አሮጌ የሄልሜት መስታወቶችን ደራርቦ በማያያዝ ለጀርባው መከላከያ እንደሠራ ይነገራል። መስታወቶቹ የተደረደሩት ወደ ፊት ለማጎንበስ እንዲፈቅዱ፣ ወደ ኋላ ለመቀልበስ ግን እንዲከለክሉ ሆነው ነው። የጣሊያኑ ዳይኔዜ ኩባንያም በ1970ዎቹ መጨረሻ በዚሁ ሐሳብ ላይ የተመሠረተ የጀርባ መከላከያ አወጣ። ዛሬ ሱቅ ውስጥ የምታዩት እንደ ቅርፊት የተነባበረ የጀርባ መከላከያ የዚያ ዘር ነው።

ቅርፊቱ ግን ለሁሉም አይመችም። ጠንካራና ግዙፍ ነው፤ ጃኬት ሥር ይጎረብጣል። በዚህ ላይ መፍትሔ ያመጣው ለስላሳ ሆኖ የሚጠነክረው ቁስ ነው። ከእነዚህ ውስጥ ታዋቂው ብርቱካናማው ዲ3ኦ ነው፤ እንግሊዛዊው መሐንዲስ ሪቻርድ ፓልመር እ.ኤ.አ. በ1999 የጀመረው። ጠባዩን ማየት ከፈለጋችሁ የበቆሎ ስታርች በጥቂት ውኃ ወፈር አድርጋችሁ በጥብጡ። ጣታችሁን ቀስ ብላችሁ ብታስገቡ ይሰምጣል፤ በቡጢ ብትመቱት ግን ጠጥሮ ይመልሳችኋል። ቁሱ በዝግታ ለሚመጣ ነገር ይገዛል፣ በፍጥነት ለሚመጣ ይቆማል። ጀርባችሁ ላይ እንደ ትራስ ተጣጥፎ ተቀምጦ፣ በወደቃችሁባት ቅጽበት ብቻ ጥሩር ይሆናል። ይህን የመሰለ ብልሃት ሰው እንዳሰበው ሳስብ ሁሌም እደነቃለሁ።

ሙቀት ግን ጠባዩን ሊቀይረው ይችላል፤ ሲሞቅ ይለሰልሳል፣ ሲበርድ ይደርቃል። ለዚህ ነው መስፈርቱ በ40 ዲግሪና ከዜሮ በታች በ10 ዲግሪ የሚደረጉ ተጨማሪ ፈተናዎች ያሉት። ያለፈው መከላከያ «ቲ» ከሚል ፊደል ጎን የመደመር ወይም የመቀነስ ምልክት ይታተምበታል። ሰመራ ወይም ድሬዳዋ ለሚነዳ፣ ዱባይ ላይ ዴሊቨሪ ለሚሠራ ወንድማችን የመደመሯ ምልክት ትልቅ ነገር ናት።

ስለ ጀርባ አንድ እውነት ልጨምር። የጀርባ መከላከያ አከርካሪ እንዳይሰበር ዋስትና ነው የሚል ሻጭ ከገጠማችሁ አትመኑት። ብዙ የአከርካሪ ጉዳት የሚመጣው በቀጥታ ከጀርባ ከሚያርፍ ምት አይደለም፤ አካል ሲታጠፍ፣ ሲጠመዘዝ፣ ወይም ሰው በራሱ ወይም በመቀመጫው ሲያርፍ አከርካሪው ከላይና ከታች ሲጨመቅ ነው። እዚያ ላይ መከላከያው ብዙም አያግዝም። ጥቅሙ ጀርባ ላይ በቀጥታ ለሚያርፈው ነው፦ ለጠርዝ ድንጋይ፣ ለመኪና ጠርዝ፣ ለራሱ ለሞተሩ። ለጎድን አጥንትና ከኋላ ላለው ኩላሊትም ይጠቅማል። ያ ደግሞ ትንሽ አይደለም።

ወደ ደረት ልመለስ፤ ነገሬ የነበረው እሱ ነው። ሞተር ከፊት ሲጋጭ ይቆማል፣ ነጂው ግን አይቆምም። ወደ ፊት ሲወረወር መጀመሪያ የሚያገኘው መሪውን ነው፤ ከዚያ የሌላውን መኪና ጎን። የተሰበረ ጎድን ሳንባ ይወጋል። በዚያ ላይ ደረት ከፊት ለፊት ከሁሉም በላይ የሚጋለጥ ሰፊ ቦታ ነው። ይህ ሁሉ እያለ ለጀርባ መከላከያ የሚሆን ኪስ ያለው ጃኬት ሞልቷል፤ ለደረት የሚሆን ኪስ ያለው ግን ጥቂት ነው። ለዚህ ተብሎ የወጣ መስፈርትም አለ፦ ኢ ኤን 1621-3። በአንድ ወጥ የሚሠራ የደረት መከላከያ አለ፣ ለዚፕ እንዲመች ለሁለት የተከፈለም አለ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። በሞቶክሮስ ውድድር ላይ የምታዩት፣ ደረትና ትከሻ ላይ የሚጠለቀው የሚያምር ፕላስቲክ፣ አብዛኛውን ጊዜ የተሠራው ከፊት ያለው ሞተር ጎማ የሚተፋውን ጠጠር ለመመለስ ነው። የራሱ መስፈርት አለው፤ ኢ ኤን 14021 ይባላል። ጠጠር መመለስና ከመኪና ጋር የሚላተምን ደረት ማዳን በጣም የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ሁለቱ መከላከያዎች ከርቀት ሲታዩ የሚለያዩ አይመስሉም፤ ስለዚህ ቁጥሩን አንብቡ።

ይሠራል ወይ ለሚለው፣ ካንቤራ አውስትራሊያ ውስጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ የሊዝ ደ ሮምና የባልደረቦቿ ጥናት መልስ አለው። አደጋ የደረሰባቸውን 212 ሞተረኞች መረመሩ። መከላከያ የተገጠመለት ልብስ የለበሱት የላይኛው አካላቸው ላይ ጉዳት የመድረሱ ዕድል ካልለበሱት በ23 በመቶ ያነሰ ነበር። በሌላ በኩል ከሞተር ጃኬቶቹ 30 በመቶ ያህሉ በአደጋው ተቀደው ወይም ተበልተው ተገኙ። መከላከያው በቦታው የሚቆየው ጨርቁ እስከያዘው ድረስ ነውና ሁለቱን አብሮ ማየት ያስፈልጋል።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚደንቀኝ የአየር ከረጢቱ ነው። ቅድም ስለዚያች 8 ሚሊ ሜትር አወራን፤ ከረጢት ደግሞ ብዙ ሳንቲ ሜትሮችን ይሰጣችኋል። ስለዚህ መስፈርቱም ይከብዳል፦ ኢ ኤን 1621-4 ላይ አንደኛው ደረጃ 4 ኩንታል ተኩል፣ ሁለተኛው 2 ኩንታል ተኩል ብቻ ነው የሚፈቅደው። ከጀርባ መከላከያው ጋር አነጻጽሩት!

ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ በገመድ የሚሠራ ነው፤ ሰደርያውን ለብሳችሁ ገመዱን ከሞተሩ ጋር ታያይዙታላችሁ። ከሞተሩ ስትወረወሩ ገመዱ ይሳብና የካርቦን ዳይኦክሳይድ ጠርሙሷን ይበሳታል፣ ሰደርያው ያብጣል። ጃፓኖች ይህን በ1990ዎቹ መጨረሻ ገበያ ላይ አውለውታል። ጠርሙሷ ተቀይራ ሰደርያው እንደገና ይለበሳል። ሁለተኛው ኤሌክትሮኒክ ነው፤ ውስጡ ያሉት መለኪያዎች የአካልን እንቅስቃሴ ሳያቋርጡ ይከታተሉና ሰውየው ሊወድቅ መሆኑን ራሳቸው ይወስናሉ። ውሳኔውም ማበጡም ተደምሮ ከዓይን ጥቅሻ ይፈጥናል። የሞተር ተወዳዳሪው ማርክ ማርኬዝ እ.ኤ.አ. በ2013 ሙጄሎ ላይ በሰዓት ከ330 ኪሎ ሜትር በላይ ሲሮጥ ወድቆ ተርፎ፣ በማግስቱ ሞተሩ ላይ የተመለሰው ይህን ለብሶ ነው። ከ2018 ጀምሮ በሞቶ ጂፒ፣ ከ2021 ጀምሮ ደግሞ በዳካር ራሊ የአየር ከረጢት ግዴታ ሆኗል። እኔ ምኞቴ ቀኑን ሙሉ አስፋልት ላይ ለሚውለው ዴሊቨሪ ሠራተኛም እንዲደርስ ነው፤ ከተወዳዳሪው ይልቅ እሱ ነው ከአይሱዙ ጋር መንገድ የሚጋፋው።

ዋጋው ለጊዜው ካልተቻለ ከቀላሉ እንጀምር። የሞተር ጃኬት ካላችሁ፣ ሳልባጅ ተራም የተገዛ ቢሆን፣ ገልብጡትና ጀርባው ውስጥ በቬልክሮ የሚዘጋ ኪስ ፈልጉ። ውስጡ ያለውን አውጡት። ብዙ ጊዜ የምታገኙት ምንም ጽሑፍ የሌለበት ስስ ስፖንጅ ነው፤ ያ ቅርጽ መያዣ እንጂ መከላከያ አይደለም። ሳልባጅ ከሆነ ደግሞ ኪሱ ባዶ ሊሆን ይችላል። እውነተኛው መከላከያ ላይ የሞተረኛ ምስል ያለው ማኅተም ታትሞበታል፤ ሲ ኢ የሚለው ምልክት፣ የመስፈርቱ ቁጥር፣ ደረጃው 1 ወይም 2። የጀርባ ከሆነ «ኤፍ ቢ» ሙሉ ጀርባ፣ «ሲ ቢ» መካከለኛውን፣ «ኤል ቢ» ታችኛውን ብቻ ማለት ነው። እኔ ብሆን ከቻልሁ ሙሉውን፣ ደረጃ 2 የሆነውን እወስዳለሁ፤ ለደረትም እንዲሁ።

ልኩ ላይ አትቀልዱ። በአደጋ ሰዓት ከቦታው የሚንሸራተት መከላከያ ያልተለበሰ ያህል ነው። ጃኬቱ ሰፊ ከሆነ በቀጥታ ሸሚዝ ላይ በማሰሪያ የሚጠብቅ ሰደርያ ይሻላል፤ ቀዳዳ ያለው መረብ ስለሆነ ለሙቀትም ይመቻል። ስትለኩት ቆማችሁ ብቻ አትመልከቱ፤ ሞተር ላይ እንደምትቀመጡ አጎንብሱ፣ እጃችሁን ወደ መሪ ዘርጉ፣ ከዚያ ከኋላ ወገባችሁ ተራቁቶ እንደሆነ ሰው ይይላችሁ። የጀርባ መከላከያ ማኅተም ላይ በሳንቲ ሜትር የተጻፈ ቁጥርም አለ፤ ከወገብ እስከ ትከሻ ያለው ርዝመት ነው። ወደ ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት ሰፈራችሁ ያለ ልብስ ሰፊ ጋ ጎራ በሉና ይቺን ልክ በሜትር ያውጣላችሁ።