ፊሽካ የማያስቆመው ውድድር
የብስክሌት ሕግና የጋላቢ ጨዋነት

በእግር ኳስ ጥፋት ሲፈጸም ዳኛው ፊሽካ ይነፋል፤ ጨዋታው ይቆማል፤ ኳሱም ጥፋቱ ወደተፈጸመበት ቦታ ይመለሳል። በብስክሌት የጎዳና ውድድር ይህ የለም። አንዱ ሌላውን ገፍቶ ቢጥል እንኳ የቀሩት መጋለባቸውን አያቆሙም። ዳኞች አብዛኛውን ጊዜ ውሳኔያቸውን የሚያሳውቁት ጋላቢው ሁሉ ገብቶ ካበቃ በኋላ ነው። ክርክሩም የሚጀምረው ያኔ ነው።

ይህን ክርክር ከመቐለ ሰው የበለጠ የሚያውቀው የለም ማለት ይቻላል። በኢትዮጵያ ብስክሌት ሲነሳ መቐለ አብራ ትነሳለች። ሀገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ በተሳተፈችበት የ1956ቱ የሜልቦርን ኦሊምፒክ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ከሯጮቿ ጋር ብስክሌተኞችንም አሰልፋ ነበር፤ ገረመው ደንቦባ ከእነሱ አንዱ ነው። ከ60 ዓመት በኋላ፣ በ2016፣ የመቐለው ተወላጅ ጽጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። ከሁለት ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለችው ከተማ፣ ወደ ኵሓ የሚወጣው ዳገትና የእንደርታ ነፋስ ለጋላቢ ጥሩ ማሠልጠኛ ናቸው።

ሕጉን ለመረዳት ከነፋሱ መጀመር ይሻላል። ፊት ሆኖ የሚጋልብ ነፋሱን በደረቱ ይሰነጥቃል፤ ከኋላው የተጠጋው ግን እስከ ሲሶ የሚደርስ ጉልበት ሊቆጥብ ይችላል። ስለዚህ በጎዳና ውድድር ተቀናቃኞችም ሳይቀሩ እየተፈራረቁ ፊት ይወጣሉ፤ አብረው ይሠራሉ፤ መጨረሻ ላይ ይለያያሉ። ተራው ሲደርስ ፊት ሳይወጣ ሲከለል ቆይቶ መጨረሻ ላይ ተፈትልኮ የሚያሸንፍ ጋላቢ አንዲት የሕግ አንቀጽ አልጣሰም፤ ወዳጅ ግን አያፈራም። በሕግ የተፈቀደና በጋላቢዎች ዘንድ የሚያስመሰግን ነገር አንድ እንዳልሆኑ የሚታየው እዚህ ላይ ነው።

በተፎካካሪ መከለል ተፈቀደ ማለት ግን በመኪና ወይም በሞተር ብስክሌት መከለልም ተፈቀደ ማለት አይደለም። ይህ ክልክል ነው፤ በአማተር ውድድርም ብዙ ቅሬታ ያስነሳል። በክሮኖ ሜትር፣ ማለትም ጋላቢዎች ብቻ ብቻቸውን እየተነሱ ከሰዓት ጋር በሚታገሉበት ውድድር፣ በሌላ ጋላቢ መከለልም አይቻልም። ቀድሞ የተነሳውን የደረሰበት ጋላቢ ሲያልፈው ቢያንስ ሁለት ሜትር ወደ ጎን ርቆ ያልፈዋል፤ የታለፈውም ከአንድ ኪሎ ሜትር በኋላ ቢያንስ 25 ሜትር መራቅ አለበት።

ሁለተኛው የጠብ ምንጭ የመጨረሻው ፍጥጫ፣ ስፕሪንት ነው። ሕጉ ጋላቢ ስፕሪንት ሲጀምር የያዘውን መስመር ለቆ ሌላውን አደጋ ላይ እንዳይጥል ያዝዛል። «ዘጋኝ» የሚለው ክስ የሚመጣው ከዚህ ነው፤ ፍርዱ ግን ቀላል አይደለም። በ2017ቱ ቱር ደ ፍራንስ አራተኛ ቀን፣ ቪቴል ከተማ መግቢያ ላይ ፒተር ሳጋንና ማርክ ካቨንዲሽ ተነካኩ፤ ካቨንዲሽ ወድቆ የትከሻው አጥንት ተሰበረ። ዳኞች ሳጋንን ዕለቱን ከውድድሩ አባረሩት። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ የዓለም ብስክሌት ማኅበር፣ ሳጋንና ቡድኑ ክርክራቸውን በስምምነት ሲዘጉ፣ ድርጊቱ ሆን ተብሎ ያልተፈጸመ የውድድር አጋጣሚ ነበር ተባለ። ያን ያህል ካሜራ ባለበት ፍርድ እንዲህ ካከራከረ፣ መንገድ ዳር ቆሞ በዓይኑ ብቻ የሚዳኝ ሰው ምን ያህል እንደሚቸገር መገመት አያዳግትም።

ሦስተኛው ጉዳይ እርዳታ ነው። በሕጉ መሠረት የተለያየ ቡድን ጋላቢዎች ምግብ፣ ውሃ ወይም መፍቻ ሊዋዋሱ ይችላሉ። ጎማ ወይም ብስክሌት መስጠት፣ የወደቀን ወይም ወደኋላ የቀረን መጠበቅ ግን የሚፈቀደው ለአንድ ቡድን ልጆች ብቻ ነው። መግፋት ደግሞ ለማንም አይፈቀድም። ጭካኔ ይመስላል፤ ምክንያት ግን አለው። ተቀናቃኝ ለተቀናቃኝ ጎማ መስጠት ቢችል፣ ሀገር ልጅነት፣ ወዳጅነት ወይም ገንዘብ ውጤት ሊወስን በቻለ ነበር።

በ2015ቱ የጣሊያን ዙር፣ በጂሮ ዲታሊያ አሥረኛ ቀን የሆነው ይኸው ነው። አውስትራሊያዊው ሪቺ ፖርት መድረሻው ሊቃረብ ሲል ጎማው ተነፈሰ። የሀገሩ ልጅ ሳይመን ክላርክ የሌላ ቡድን ጋላቢ ቢሆንም የራሱን ጎማ ፈትቶ ሰጠው። ሰው ሁሉ ያደነቀው ደግነት ነበር፤ ዳኞች ግን በሁለቱም ላይ የሁለት ሁለት ደቂቃና የ200 የስዊስ ፍራንክ ቅጣት ጣሉ። ፍርዱ ብዙዎችን ቢያስከፋም ትክክል ነበር። ደግነቱን ማድነቅና ሕጉን ማስከበር አይጋጩም፤ ሕጉን ባለማወቅ የተሠራ ደግነት ግን ተረጂውንም ረጂውንም ሊጎዳ ይችላል።

ሕጉ የማይደርስበት ቦታም አለ። በ2010ሩ ቱር ደ ፍራንስ አንዲ ሽሌክ የመሪውን ቢጫ ማልያ ለብሶ ዳገት ሲወጣ የብስክሌቱ ሰንሰለት ወጣበት። አልቤርቶ ኮንታዶር አልጠበቀውም፤ በዚያ ቀን 39 ሰከንድ አተረፈ። ፓሪስ ሲደርሱም በመካከላቸው የነበረው ልዩነት 39 ሰከንድ ነበር። ሕግ አልተጣሰም፤ ተመልካች ግን ጮኸበት፤ እሱም በዚያው ምሽት ይቅርታ ጠየቀ። በ2022ቱ ቱር ደግሞ ታዴይ ፖጋቻር ቁልቁለት ላይ ሲወድቅ ተቀናቃኙ ዮናስ ቪንገጎር ፍጥነቱን ቀንሶ ጠበቀው፤ ሲገናኙም እጅ ለእጅ ተጨባበጡ። የሕጉ ቃል መጠበቅን ለአንድ ቡድን ልጆች ብቻ ቢተወውም ማንም ቪንገጎርን አልከሰሰም። ያን ቀንም ቱሩንም ያሸነፈው እሱ ነው።

ይህ ሁሉ ለመቐለ አማተር ጋላቢ ምን ይፈይዳል? በትግራይ ሁለት ዓመት የዘለቀው ጦርነት ስፖርቱን ክፉኛ ጎድቶታል። ውድድር እንደ አዲስ ሲደራጅ ዳኝነቱም አብሮ መደራጀት አለበት። ለዚህ ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። ከመነሻው በፊት ጋላቢዎቹን ሰብስቦ መንገዱን፣ ዙሩን፣ ክልክሉንና ቅጣቱን በቃል መንገር ይቻላል። በታላላቅ የቀናት ውድድሮች በሜዳማ መግቢያ፣ አብዛኛውን ጊዜ የመጨረሻዎቹ ሦስት ኪሎ ሜትሮች ላይ ለወደቀ ወይም ጎማው ለፈነዳበት ጋላቢ አብሮት የነበረው ቡድን ሰዓት ይሰጠዋል፤ ይህ በአማተር ውድድር ይሠራል ወይስ አይሠራም የሚለው ቀድሞ ካልተነገረ፣ በኋላ የሚሰጠው ውሳኔ ሁሉ አድልዎ ይመስላል። አሸናፊው የሚለየው የፊት ጎማው መጨረሻው መስመር ላይ ሲደርስ ስለሆነ፣ በመስመሩ ትክክል አንድ ስልክ አቁሞ መቅረጽ ብዙ ንትርክ ያስቀራል። ቅሬታም በጽሑፍ፣ በተወሰነ ሰዓት ውስጥ፣ ለዋና ዳኛው ብቻ ይቅረብ። ዳኛው የተወዳዳሪው አሠልጣኝ ወይም ዘመድ ከሆነ ደግሞ የቀረው ሥርዓት ሁሉ ዋጋ የለውም።

ጋላቢም ድርሻ አለው። ዳኛ ሳያየው በሞተር የተከለለ ሰው እንደተከለለ ከእሱ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ተመልካችም ቢሆን ጎረቤቱ ስለተሸነፈ ብቻ ዳኛ አይስደብ። ሕጉን ቀድመን እንወቅ፤ ቅሬታ ካለን በሥርዓቱ እናቅርብ፤ ውሳኔው ሲሰጥ ባይጥመንም እንቀበል። በሚቀጥለው ሳምንትም የምንወዳደረው ከእነዚያው ሰዎች ጋር ነውና።