ስድስት እግር ያለው ፈረስ

ሠዓሊ ጓደኛዬ ክፍሏን ስታጸዳ ልትጥለው ካዘጋጀችው ክምር ውስጥ ነው ያገኘሁት። በእርሳስ ሞነጫጭራ የተወችው ወረቀት ነው፤ ሦስት ፈረሶች ሽምጥ ይጋልባሉ። የሁለቱ ጋማና ሽንጥ እጅ ሳይነሣ የተሰመረ ይመስላል። የፊተኛው ግን ጭረት በዝቶበታል፤ እግሩን ብቆጥር ስድስት ሆነብኝ።

“ተበላሽቶብሽ ነው?”

“ወደ መስኮቱ ውሰደውና አጋድመህ እየው” አለችኝ።

ግራፋይት እንደ ከሰል ድፍን ጥቁር አይደለም፤ ብርሃን በጎን ሲያገኘው እንደ ብረት ያብለጨልጫል። ወረቀቱን ሳጋድለው በላጲስ የጠፉት መስመሮች ሳይቀሩ ስርጉዳቸው ታየኝ። ስድስት ያልኩት ስምንት ሆነ! አራቱ ደብዛዛዎች ወደ ፊትና ወደ ኋላ ተዘርግተዋል። አራቱ፣ እርሳሱን ተጭና የሠራቻቸው፣ ሆድ ሥር ተሰብስበዋል። አንዱን ፈረስ ሁለት ጊዜ ሥላዋለች ማለት ነው።

የተዘረጋውን አውቀዋለሁ። ፈረንሳዊው ቴዎዶር ዤሪኮ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1821 በሣለውና ዛሬ ሉቭር በሚገኘው የኤፕሶም ደርቢ ሥዕሉ ላይ ፈረሶቹ አራት እግራቸውን ዘርግተው አየር ላይ ተንሳፍፈዋል። ያምራል። ግን ውሸት ነው።

ውሸትነቱን ያጋለጠው ካሜራ ነው። በ1878 ካሊፎርኒያ፣ ፓሎ አልቶ ውስጥ ኤድዋርድ ማይብሪጅ በባለጸጋው ሊላንድ ስታንፎርድ ወጪ ካሜራዎችን በመስመር ደረደረ። ሳሊ ጋርድነር የተባለችው ባዝራ በሜዳው ላይ የተዘረጋውን ክር እየበጠሰች ስትጋልብ ካሜራዎቹ በየተራ አነሷት፤ በአንዱና በቀጣዩ ምስል መካከል የሰከንድ 1/25ኛ ያህል ብቻ ነበር። አራቱም ሰኮናዎች መሬት የሚለቁት እግሮቹ ሆድ ሥር ሲሰበሰቡ ሆኖ ተገኘ። ፈረስ ሲሥል የኖረው ኤድጋር ደጋ እንኳ ማይብሪጅ በ1887 ካሳተማቸው 781 ሰሌዳዎች አንዳንዶቹን እያየ ገልብጧል።

“መጀመሪያ ዓይኔ ያሳየኝን ሣልኩ፤ ኋላ ፎቶውን አየሁ” አለችኝ ጓደኛዬ።

ደብዛዛዎቹን እግሮች በአውራ ጣቴ ሸፈንኳቸው። የቀረው ፈረስ ትክክለኛ ነው፤ ግን ቆሞ የሚዘል ይመስላል። ጣቴን ሳነሣ ጋለበ።

ወረቀቱን ለምኜ ወሰድኩት። እናንተም ቤት ውስጥ የተረሳ የእርሳስ ንድፍ ካለ፣ ሳትጥሉት በፊት ወደ መስኮት ውሰዱና አጋድማችሁ እዩት።