ዴዝ ቫሊ በጁላይ፦ ስለ አርቪና ስለ በረሃ ሙቀት የሚባለውና እውነታው

«አርቪ ማለት ጎማ ያለው ቤት ነው። ኤሲ አለው፣ ፍሪጅ አለው፤ በረሃው ምን ያደርገናል?» ዴዝ ቫሊ የተባለው የበረሃ ፓርክ ከላስ ቬጋስ በመኪና የሁለት ሰዓት ያህል መንገድ ነው። ስለዚህ በዚያች ከተማ ለሚኖሩ ብዙ ወገኖቻችን ይህ አባባል ልጆችን ይዞ ለመውጣት በቂ ምክንያት ይሆናል። አርቪ ግን ቤት አይደለም። ግድግዳው ስስ ነው፣ መስኮቱ ብዙ ነው፣ ጣሪያው ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ነው። ኤሲው ከቆመ ውስጡ እንደ ቆላ ቆርቆሮ ቤት ይግላል። የቤተሰቡ ደኅንነት በጣሪያው ላይ በተቀመጠው ማሽን ላይ ተንጠልጥሏል ማለት ነው፤ ከመነሳት በፊት መመለስ ያለበት ጥያቄም «ኤሲው ቢቆም የት እንሄዳለን?» የሚለው ነው።

«ቀኑን እንደምንም እንለፈው እንጂ በረሃ ሌሊት ይቀዘቅዛል» የሚሉም አሉ። ለብዙ በረሃዎች እውነት ነው። ዴዝ ቫሊ ግን እስከ 86 ሜትር ከባሕር ወለል በታች የሚወርድ፣ ቀጥ ባሉ ተራሮች የታጠረ ሸለቆ ነው። ዓለቱ ቀን የዋጠውን ሙቀት ሌሊት ይተፋል፤ ከተራራው የሚወርደው አየርም ሲወርድ እየታመቀ እንደገና ይሞቃል። እ.ኤ.አ. ጁላይ 12 ቀን 2012 የሌሊቱ ዝቅተኛ ሙቀት 41.7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነበር። የጁላይ 2024 አማካይ ደግሞ ቀንና ሌሊቱ ተደምሮ 42.5 ዲግሪ ሆኗል። መስኮት ከፍቶ የመተኛት እቅድ እዚህ ቦታ አይሠራም።

ኤሲን በተመለከተ በአርቪ ባለቤቶች ዘንድ በሰፊው የሚነገረው «ከውጭው ሙቀት ከ20 ፋራናይት በላይ ዝቅ ማድረግ አይችልም» የሚለው ነው። ይህ ሁለት ነገሮችን ያምታታል። የ20 ፋራናይት፣ ማለትም የ11 ሴንቲግሬድ ያህሉ ልዩነት፣ ኤሲው ከክፍሉ በሚስበው አየርና ቀዝቅዞ በሚተፋው አየር መካከል ያለው ነው። ክፍሉ በመጨረሻ ስንት ዲግሪ ላይ ይረጋል የሚለውን የሚወስነው በግድግዳውና በመስኮቱ የሚገባው ሙቀት ብዛት ነው። ለዚህም ነው መስኮቱን ከውጭ በሚያንጸባርቅ ነገር መሸፈን፣ ማጣሪያውን ማጠብና ኤሲውን ገና ሲነጋ ማስነሳት ትልቅ ለውጥ የሚያመጡት። ከሰዓት በኋላ የጋለ አርቪን ለማቀዝቀዝ መሞከር ግን ብዙ ጊዜ ሳይሳካ ይመሻል።

ከዚህ የሚብሰው «ከመብራት ጋር ተሰክቷል፣ አለቀ» ማለት ነው። ባለ 30 አምፒር መስመር በ120 ቮልት 3,600 ዋት ይሰጣል። ኤሲው ብቻውን ግማሹን ገደማ ስለሚወስድ ማይክሮዌቭና ውኃ ማሞቂያ ሲጨመር ብሬከሩ ይወርዳል። በካምፑ በየመሰኪያው ያለው ሰው ሁሉ በአንድ ሰዓት ኤሲ ሲከፍት ደግሞ ቮልቴጁ ይወርዳል፤ ወደ 105 ቮልትና ከዚያ በታች ሲደርስ ኮምፕሬሰሩ ተጨማሪ ከረንት እየሳበ ይግላል፣ ሊቃጠልም ይችላል። ቮልቴጅ ሲወርድ መስመሩን የሚቆርጥ መከላከያ መሣሪያ ኮምፕሬሰሩን ያድናል፤ በዚያች ሰዓት ግን ሰዎቹን ያለ ኤሲ ያስቀራቸዋል። «ከፍታው ላይ ወዳሉት ካምፖች እንወጣለን» ማለትም ለሁሉም አይሆንም። ከእነዚህ አንዱ የሆነው ማሆጋኒ ፍላት 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ ነፋሻ ነው፤ መንገዱ ግን ከ7.6 ሜትር የሚረዝም መኪና አይፈቅድም። ረጅም አርቪ የያዘ ሰው መሸሻው ከፓርኩ ውጭ ነው። ከሸለቆው በሚያስወጡት ዳገቶች ላይም ሞተር እንዳይግል የመኪናውን ኤሲ ማጥፋት ይመከራል፤ ስለዚህ በጠዋት መውጣት ይሻላል።

ጎማን በተመለከተ «ሲሞቅ እንዳይፈነዳ ትንሽ ማስተንፈስ» የሚለው ምክር አደገኛ ነው። አምራቹ የሚጽፈው ልክ ጎማው ቀዝቃዛ ሳለ የሚለካ ነው፤ በጉዞ ላይ የሚጨምረው ግፊት ታስቦበታል። አየር የጎደለው ጎማ እየታጠፈ ራሱን ያግላል፣ የሚፈነዳውም በዚህ ነው። የፕሮፔን ሲሊንደር በፀሐይ ይፈነዳል የሚለው ስጋት ግን የተጋነነ ነው፤ የሚሞላው እስከ 80 በመቶ ብቻ ነው፣ ማስተንፈሻ ቫልቭም አለው።

በእኛ ዘንድ ደግሞ ሌላ አለ፦ «እኛ የፀሐይ አገር ልጆች ነን።» አዲስ አበባ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ነፋሻ ከተማ ናት። አፋር የኖረ ሰው እንኳ የሰውነቱ መላመድ በቀዝቃዛ ቦታ በሳምንታት ውስጥ ይጠፋል፤ መልሶ ለመላመድም ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይፈጃል። ዓመቱን ኤሲ ባለበት ቢሮ ያሳለፈ ሰው ለሁለት ቀን ሲሄድ ምንም ስንቅ የለውም። «አላላበኝም» የሚለውም ያታልላል፤ በደረቅ አየር ላብ ሳይታይ ይተናል። ፓርኩ ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 4 ሊትር ያህል ውኃ ይመክራል። ያለ ጨውና ያለ ምግብ ለሰዓታት ብዙ ውኃ ብቻ መጠጣት ግን የደምን ሶዲየም ሊያወርድ ይችላል።

ከሁሉም የሚያሳስበኝ «ካላበው በሙቀት አልተመታም» የሚለው ነው። በሙቀት የተመታ ሰው ሊያልበው ይችላል። ዋናው ምልክት አእምሮ ነው፦ ንግግሩ ሲምታታ፣ ሲንገዳገድ፣ ያለበትን ሲስት። «911 ደውለን ሄሊኮፕተር ይመጣል» ብሎ መተማመንም አይቻልም። በጁላይ 2024 በሸለቆው ውስጥ በባድዋተር አካባቢ ስድስት ሞተረኞች በ53 ዲግሪ ሙቀት ተጎድተው አንዱ ሲሞት፣ የሕክምና ሄሊኮፕተሩ መምጣት አልቻለም፤ የጋለ አየር ሳስቶ ለማንሳት አቅም ያጣል። በሸለቆው ብዙ ቦታም ስልክ አይሠራም። ስለዚህ እየደወላችሁም ሆነ ሰው ለእርዳታ እየላካችሁ ማቀዝቀዙን እዚያው ጀምሩ፦ ጥላ ሥር አስገቡት፣ ልብሱን አላሉለት፣ ያላችሁን ውኃ መላ ሰውነቱ ላይ አፍስሱ፣ አራግቡት፣ በረዶ ካለ አንገቱና ብብቱ ሥር አድርጉ። ራሱን እየሳተ ከሆነ በአፉ ምንም አትስጡት።