ሶላር ከመግዛትዎ በፊት ኮርኒሱን ይክፈቱ

«ጣሪያዬ ለሶላር ይሆናል ወይ?» ብለው የሚደውሉልኝ ሰዎች አብዛኞቹ የሚጨነቁት ስለ አቅጣጫ ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለሆነች ግን አቅጣጫው ያን ያህል አያሳስብም፤ የቀትር ፀሐይ ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ በሰሜን፣ በቀሩት ወራት በደቡብ በኩል ታልፋለች።

ዋናው ጠላት ጥላ ነው። ጠዋት 3 ሰዓት፣ ቀትር ላይና ከሰዓት 9 ሰዓት ላይ ወጥተው ጣሪያዎን ይዩት። የሮቶው ወይም የጎረቤት ፎቅ ጥላ የአንዱን ፓነል ጥግ ብቻ ቢነካ፣ በተከታታይ የተያያዙትን የሌሎቹንም ኃይል ሊያወርደው ይችላል።

ከዚያ ኮርኒሱን ከፍተው በባትሪ ይመልከቱ። በቅርቡ ያየሁት ቤት ቆርቆሮው አዲስ ነበር፤ ሞራሌውን በጠመንጃ መፍቻ ወጋ ሳደርገው ግን እስከ እጀታው ገባ። ምስጥ ጨርሶታል። አንድ ባለ 400 ዋት ፓነል ከ20 ኪሎ ያላነሰ ይመዝናል፤ ነፋስ ሲነሳ ደግሞ ከሥር ገብቶ ወደ ላይ ይስበዋል። እንዲህ ያለው እንጨት ሳይቀየር ፓነል አልሰቅልም፣ ባለቤቱ ቢለምነኝም።

ስለ ምጣድ ለሚጠይቁኝ፦ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3,000 ዋት በላይ ይፈልጋል። ለመብራት፣ ለቴሌቪዥንና ለፍሪጅ የታሰበ ሲስተም አይችለውም።