የአራቱ ቅሎች ታንኳ
በሐይቅና በጣና ውሃ ላይ የቄጠማና የደንገል ጀልባ እንዴት ይሠራል? እንዴትስ ይጠበቃል?

ከደሴ ተነሥቶ ወደ ወልድያ የሚያመራ መንገደኛ 30 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ተጓዘ የሐይቅን ከተማ ያገኛል። ከከተማዋ አጠገብ የተንጣለለው ውሃ ስሙም ራሱ «ሐይቅ» ነው፤ ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «የሐይቅ ሐይቅ» የሚል አነጋገር ቢያጋጥም አንባቢ የማተሚያ ቤት ስሕተት አድርጎ እንዳይወስደው እናሳስባለን። ሐይቁ ከባሕር ጠለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የሚገኝ ሲሆን ስፋቱ ወደ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር፣ ጥልቀቱም ከ80 ሜትር በላይ ነው። በስተሰሜን በኩል የአምባሰል ተራሮች ይታያሉ። ብዙው ተማሪ አምባሰልን የሚያውቀው ከተራራነቱ ይልቅ ከአራቱ ቅኝቶች አንዱ በመሆኑ ሳይሆን አይቀርም።

የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በ13ኛው መቶ ዘመን በአባ ኢየሱስ ሞዓ መሪነት ከአገሪቱ ዋና ዋና የትምህርት ማእከሎች አንዱ ለመሆን በቅቷል። ዛሬ ወደ ገዳሙ በእግር መሄድ ይቻላል፤ ቦታው በጠባብ የብስ ከዳርቻው ጋር የተያያዘ ባሕረ ገብ መሬት ሆኗልና። በዚያ ዘመን ግን ደሴት ነበር። ደሴት ከነበረ መነኮሳቱ፣ ደቀ መዛሙርቱ፣ እህሉና ብራናው ሁሉ ውሃ መሻገር ነበረባቸው። በምን ተሻገሩ?

መልሱን ከጻፉልን ሰዎች አንዱ ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ነው። አልቫሬዝ እ.ኤ.አ. ከ1520 እስከ 1526 በኢትዮጵያ ከቆየው የፖርቱጋል መልእክተኞች ቡድን ጋር የመጣ ሲሆን ያየውን የዘገበበት መጽሐፍ በ1540 ታትሟል። በእርሱ ገለጻ መሠረት ወደ ገዳሙ መሻገሪያው ከቄጠማ የተሠራ ታንኳ ነበር። ቄጠማው በንብርብር ይደረደርና ከበላዩ እንጨቶች ይጋደሙበታል፤ ሁሉም ጠብቆ ከታሰረ በኋላ በአራቱ ማእዘን አራት ታላላቅ ቅሎች ይታሰራሉ። አልቫሬዝ ይህን ሲገልጽ የአገሩ ሰዎች ጀልባ መሥራት ስለማያውቁ እንዲህ ያደርጋሉ የሚል አስተያየት አክሎበታል።

ይህ ፍርድ ችኩል ይመስለናል። ቅል ባገሩ ድንጋይ ይሰብራል እንዲሉ፣ የእነዚያን አራት ቅሎች ሥራ በወረቀትና በእርሳስ ብንመረምር የታንኳው ሠሪዎች ስለ ተንሳፋፊነት ጥሩ አድርገው ያውቁ እንደነበር እንረዳለን።

በመጀመሪያ የመሸከም ዐቅሙን እንመልከት። በአርኪሜድስ ሕግ መሠረት ውሃ ውስጥ የገባ አካል የሚያገኘው ወደ ላይ የሚገፋ ኃይል ከቦታው ካስለቀቀው ውሃ ክብደት ጋር እኩል ነው። ወርዱ 40 ሴንቲ ሜትር የሆነ ድቡልቡል ቅል ብንወስድ ይዘቱ 33 ሊትር ያህል ይሆናል። ቅሉ ራሱ 2 ኪሎ ግራም ይመዝናል ብንል ሙሉ በሙሉ ሳይሰምጥ 31 ኪሎ ግራም መሸከም ይችላል። አራቱ ቅሎች በድምሩ 124 ኪሎ ግራም ይሸከማሉ ማለት ነው፤ ይህም አንድ መነኩሴ ከግማሽ ኩንታል እህሉ ጋር መሆኑ ነው። የቄጠማውን ድርሻ ገና አልቆጠርንም።

ቅሎቹ በማእዘን መታሰራቸው ደግሞ ከዚህ የበለጠ ያስደንቃል። ለመሸከም ብቻ ቢሆን መካከል ላይም ቢታሰሩ ያው ነበር። የታንኳው ወርድ 2 ሜትር ነው እንበልና 60 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው ከመካከሉ በ30 ሴንቲ ሜትር ወደ አንድ ጎን ፈቀቅ ቢል የሚያስከትለው የመገልበጥ ጫና 60 ሲባዛ በ0.3፣ ማለትም 18 ይሆናል (በኪሎ ግራም ሜትር)። በዚያ ጎን ያሉት ሁለት ቅሎች ከመካከሉ 1 ሜትር ርቀው ከታሰሩ ቢበዛ 62 ሲባዛ በ1፣ ማለትም 62 ያህል የመቋቋም ጫና ይሰጣሉ። ከመካከሉ 25 ሴንቲ ሜትር ብቻ ርቀው ቢታሰሩ ግን 15.5 ብቻ ይሆንና ሰውየው ውሃ ውስጥ ይገባል። በፓስፊክ ደሴቶች ያሉ ባሕረኞች ከታንኳቸው ጎን ራቅ አድርገው ተንሳፋፊ ግንድ የሚያስሩት በዚሁ ምክንያት ነው።

ታንኳ የሚጠጣው ውሃ

አሁን ወደ ቄጠማው እንመለስ። በውሃ ዳር የሚበቅሉ እንደ ደንገልና ፊላ ያሉ ተክሎች ሥሮቻቸው አየር በሌለው ጭቃ ውስጥ ስለሚኖሩ ኦክሲጅንን ከቅጠልና ከግንድ ወደ ሥር የሚያወርዱበት መንገድ ያስፈልጋቸዋል። ለዚህም በግንዳቸው ውስጥ በአየር የተሞሉ ቀዳዳዎች የበዙበት፣ ስፖንጅ የሚመስል ኅብረ ሕዋስ አላቸው። ሦስት ማእዘን የሆነውን የደንገል ዘንግ በቢላዋ ቢቆርጡት ነጩ ውስጡ ይህንኑ በግልጽ ያሳያል። ተክሉ ለመተንፈስ ብሎ ያበጀውን ይህን አየር ሰው ለመንሳፈፍ ተጠቀመበት።

ከዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ጀልባዎችን መለየት ያስፈልጋል። አንደኛው ውሃን ከውጭ በመከልከል የሚንሳፈፈው የሳንቃ ወይም የብረት ጀልባ ነው፤ አንዲት ቀዳዳ ከተፈጠረበት ውስጡ ይሞላና ይሰምጣል። ሁለተኛው የቄጠማ ታንኳ ነው፤ ይህኛው ሲጀመርም ውስጡ ባዶ አይደለም፤ ውሃው በዘንጎቹ መካከል እንደ ልቡ ይገባል፣ ይወጣል፤ ቢቀደድም አይሰምጥም፤ ከውስጡ ውሃ መቅዳትም አያሻውም። የሚጎዳው አደጋ ሌላ ነው፦ ዘንጎቹ ቀስ በቀስ ውሃ ይጠጣሉ።

የመጠጣቱ ውጤት በቁጥር ሲታይ ያስፈራል። ደንገሉ በድምሩ 300 ሊትር ይዘት ያለው፣ ደርቆ 60 ኪሎ ግራም የሚመዝን ታንኳ እንውሰድ። ይህ ታንኳ ደረቅ ሳለ 240 ኪሎ ግራም ይሸከማል። እያንዳንዳቸው 60 ኪሎ ግራም የሚመዝኑ ሦስት ሰዎች ቢሳፈሩበት 60 ኪሎ ግራም ትርፍ ዐቅም ይቀረዋል። በአገልግሎት ብዛት 120 ሊትር ውሃ ከጠጣ በኋላ ግን የራሱ ክብደት 180 ኪሎ ግራም ስለሚሆን የሚሸከመው 120 ኪሎ ግራም ብቻ ነው። ያው ታንኳ፣ ያው ሦስት ሰዎች፤ አሁን ግን 60 ኪሎ ግራም ይጎድላል። ስለዚህ «ይህ ታንኳ ስንት ሰው ይጭናል?» ለሚለው ጥያቄ ቋሚ መልስ የለውም። «መቼ?» ተብሎ መጠየቅ አለበት። ታንኳው መልኩን ሳይለውጥ ዐቅሙን እያጣ ስለሚሄድ በዐይን ብቻ የሚገምት ተሳፋሪ ሕይወቱን አደጋ ላይ ይጥላል።

ይህን ካሰብን የሐይቁ ቅሎች ሌላ ትርጉም ያገኛሉ። የቅል ቅርፊት እንጨትነት ያለውና ለስላሳ ቆዳ የለበሰ ስለሆነ ሳይሰነጠቅ ውስጡ ውሃ የሚገባው በጣም ቀስ ብሎ ነው። ቄጠማው ዐቅሙን ሲያጣ ቅሎቹ ዐቅማቸውን ይዘው ይቆያሉ። እንደ እኛ አስተያየት አራቱ ቅሎች የታንኳው የማይጠጣ መጠባበቂያ ናቸው።

ማድረቅ ማለት መጠገን ነው

ይህን ጥበብ በሰፊው ጠብቀው ያቆዩት የጣና ዙሪያ ነዋሪዎች፣ በተለይም የወይጦ ማኅበረሰብ አባላት ናቸው። የጣና ታንኳ ከደንገል ይሠራል። ዘንጉ ታጭዶ ፀሐይ ላይ ይደርቃል፣ ከዚያ በነዶ በነዶ ታስሮ አንዱ ከሌላው ይሰፋል። ከጉዞ በኋላ ባለ ታንኳው ታንኳውን ውሃ ላይ አስሮ አይሄድም፤ ወደ ዳር ያወጣውና ውሃው እንዲንጠፈጠፍ አቁሞ ያደርቀዋል። ላላወቀ ሰው ይህ ታንኳ ማስቀመጥ ብቻ ይመስላል። በእኛ ስሌት ግን የጠፋውን 120 ኪሎ ግራም መልሶ ማግኘት ነው። እንዲህም ተደርጎ ዕድሜው አጭር ነው፤ ከጥቂት ሳምንታት እስከ ጥቂት ወራት ካገለገለ በኋላ በሌላ ይተካል።

የደንገል ዘንግ ውሃ ለመጠጣት የሚፈጅበትን ጊዜ በውቅያኖስ ላይ የፈተነው ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል ነው። ሄየርዳል እ.ኤ.አ. በ1969 ከጣና ሐይቅ የተወሰደ ደንገል ወደ ግብፅ አስጭኖ፣ ከቻድ ሐይቅ በመጡ ባለሙያዎች «ራ» የተባለውን ጀልባ አሠራ። ከሞሮኮ ተነሥቶ አትላንቲክን ለማቋረጥ ሲነሣ ደንገሉ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይሰምጣል ያሉት ብዙ ነበሩ። ጀልባው ግን ስምንት ሳምንት ገደማ ተንሳፍፎ 5,000 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ የኋላው ክፍል ዘቅዝቆ ተበታተነና ተተወ። በተከታዩ ዓመት ከቦሊቪያ በመጡ የቲቲካካ ሐይቅ ባለሙያዎች የተሠራው «ራ 2» በ57 ቀን ባርባዶስ ደረሰ።

የጣናው ትንሽ ታንኳ በየጊዜው መድረቅ ሲያስፈልገው «ራ» ያለ ማድረቂያ ያን ያህል የቆየው በምን ምክንያት ነው? አንዱ ምክንያት ውፍረት ነው። ውሃ በቀጫጭን ቀዳዳዎች እየተሳበ ሲገባ ጥልቀቱ እየጨመረ በሄደ መጠን ፍጥነቱ ይቀንሳል፤ በቀላሉ ሲሰላ እጥፍ ጥልቀት ለመድረስ አራት እጥፍ ጊዜ ይፈልጋል። ሌላው ምክንያት ማሰሪያው ነው። ደንገል ሲረጥብ ያብጣል፤ በጠንካራ ገመድ ከታሰረ እብጠቱ ዘንጎቹን እርስ በርስ ያጣብቃል፣ የተቆረጠውንም ጫፍ ይደፍናል። ላላ ብሎ የታሰረ ታንኳ ለምን ፈጥኖ እንደሚከብድ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

በቲቲካካ ሐይቅ ላይ የሚኖሩት የኡሮስ ሰዎች ግን ማድረቅን ትተው ሌላ መንገድ ይዘዋል። ቶቶራ ከሚባል ቄጠማ በተሠሩ ተንሳፋፊ ደሴቶች ላይ ቤት ሠርተው ይኖራሉ። የታችኛው ቄጠማ ሲበሰብስ ከላይ አዲስ ንጣፍ ይጨምራሉ፤ በየጥቂት ሳምንቱ የሚደገም፣ የማያልቅ ሥራ ነው። ወለሉ ከሥር ያልቃል፣ ከላይ ይወለዳል።

በእንግሊዝ አገር በውስጥ ቦዮች ላይ ጀልባን ቤታቸው አድርገው የሚኖሩ ሰዎችም ከጥገና አያመልጡም። እነዚህ ጀልባዎች ወርዳቸው 2 ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ በ18ኛው መቶ ዘመን የተሠሩት የብዙ ቦዮች የውሃ በሮች ከዚህ የሰፋ አያሳልፉምና። ቋሚ ማሰሪያ ቦታ የሌለው ጀልባ በአንድ ስፍራ ከ14 ቀን በላይ እንዲቆይ ሕጉ አይፈቅድለትም። ገላቸው ብረት ስለሆነ ጠላታቸው ዝገት ነው፤ ስለዚህ በየሁለት ወይም በየሦስት ዓመቱ ከውሃ ወጥተው ሬንጅ መሰል ቀለም ይቀባሉ። ከውሃው በታች ደግሞ የማግኒዥየም ቁራጭ ይበየድባቸዋል። ማግኒዥየም ከብረት ይልቅ ኤሌክትሮኖቹን በቀላሉ ስለሚለቅ እርሱ እየተበላ ብረቱን ያድነዋል። የኬሚስትሪ ተማሪዎች ይህን በክፍል ውስጥ ያገኙታል፤ በጨዋማ ባሕር ላይ ማግኒዥየሙ በዚንክ ይተካል።

ወደ ሐይቅ እንመለስና፣ ደሴቱ ባሕረ ገብ መሬት ሲሆን የመሻገሪያው ታንኳ ዋና ሥራውን አጣ። ሐይቁ በምድር ገጽ የሚፈስ መውጫ የለውም፤ ስለዚህ ከፍታው የሚወሰነው በሚገባውና ተንኖ ወይም ሰርጎ በሚጠፋው ውሃ መካከል ባለው ሚዛን ነው። ሚዛኑ ተዛብቶ ውሃው በ1 ሜትር ብቻ ቢወርድ ወደ 23 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ጎደለ ማለት ነው፤ ጥልቀት በሌለው ዳርቻ ላይ ደግሞ ይህች አንድ ሜትር ብዙ መሬት ታወጣለች። ከተራቆቱ ተዳፋቶች የሚታጠበው ደለልም ዳርቻውን ይሞላል። በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ1978 ቆሮሶ ዓሣ ወደ ሐይቁ መግባቱ ለጀልባ አዲስ ሥራ አምጥቷል።

በጣናም ቢሆን ደንገሉ እየሳሳ ነው። ውሃው ሲሸሽ የሚወጣው መሬት ይታረሳል፣ ዘንጉ ሳይበስል ይታጨዳል፤ እ.ኤ.አ. በ2011 በሐይቁ ላይ የታየው እምቦጭም ዳርቻውን ተሻምቷል። የሳንቃና የብረት ጀልባ መምጣቱን አንነቅፍም፤ ለረጅም ጉዞና ለብዙ ሰው ይሻላል። ነገር ግን ደንገል የሚያስር እጅ ሥራ ሲፈታ፣ የትኛው ዘንግ በስሏል፣ ምን ያህል ይጠብቃል፣ መቼስ ይደርቃል የሚለው ዕውቀት በጽሑፍ ሳይሰፍር አብሮ ይሄዳል። ከዚያም ደንገል ቢመለስ እንኳ የሚያስረው ሰው አይገኝም።

በውሃ ዳር ያሉ ትምህርት ቤቶች የሳይንስ ክበባት ከዚህ ዕውቀት ጥቂቱን በአንድ ሳምንት ሊለኩት ይችላሉ። የሚያስፈልገው የደረቀ ፊላ ወይም ደንገል፣ ሻማና ሚዛን ነው። ከአንድ ዘንግ 30 ሴንቲ ሜትር የሚሆኑ ሁለት ቁራጮች ተቆርጠው ይመዘናሉ። የአንዱ ሁለት ጫፎች በቀለጠ ሻማ ይደፈናሉ፣ የሌላው ይተዋሉ፤ የተደፈነው ከነሻማው እንደ ገና ይመዘናል። ሁለቱም በባልዲ ውሃ ውስጥ በድንጋይ ተጭነው ይቀመጡና በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ወጥተው፣ ላያቸው በጨርቅ ደርቆ ይመዘናሉ። ልዩነቱ ውሃው በጫፍ በኩል ይገባ እንደሆነ ወይም በልጣጩ በኩል ይነግረናል። በስምንተኛው ቀን ሁለቱንም ፀሐይ ላይ አውጥቶ ወደ ቀድሞ ክብደታቸው ለመመለስ ስንት ቀን እንደሚፈጅባቸው መመዝገብ ነው።