በጨው መካከል የተሰወረ ካርቦን

የባሕር ውኃ በብርጭቆ ተቀድቶ ሲታይ ጥርት ያለ፣ ከጨው በቀር ምንም የሌለበት ይመስላል፤ ዳሩ ግን ከረቂቃን ፍጥረታት ሕይወትና ሞት የተረፈ ካርቦን ሟሙቶበታል፤ ይኸውም በውቅያኖሶች ሁሉ ሲደመር ወደ 660 ቢሊዮን ቶን ይደርሳልና በአየር ውስጥ ካለው ካርቦን ጋር የሚነጻጸር ነው። ሆኖም ከጥልቅ ባሕር በተቀዳ አንድ ኪሎ ውኃ ውስጥ ጨው 35 ግራም ያህል ሲሆን የዚህ ካርቦን ድርሻ ከግማሽ ሚሊግራም እምብዛም ስለማያልፍ፣ መጠኑን ለይቶ ማወቅ ሊቃውንትን ለብዙ ዘመን አድክሟል።

የመለኪያ መንገዶቹ ሁሉ መነሻ አንድ ነው፤ ውኃውን በአሲድ አኮምጥጦ፣ ንጹሕ ጋዝ እየነፉበት ከሕያዋን ያልመጣውን ካርቦን ካስወጡ በኋላ፣ የቀረውን ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለውጦ መስፈር። ሜንዘልና ቫካሮ እ.ኤ.አ. በ1964 ይህን ለውጥ ፐርሰልፌት በተባለ ኬሚካል፣ በታሸገ ብልቃጥ ውስጥ በሙቀት ፈጸሙት፤ በ1966 አርምስትሮንግና ባልደረቦቹ በአልትራቫዮሌት ብርሃን አደረጉት። ሦስተኛው መንገድ እሳት ነው፤ ጥቂት ጠብታ በ680 ዲግሪ በጋለ፣ ፕላቲነም በለበሰ እንክብል ላይ ስትወድቅ ውኃው ወዲያው ይተናል፣ ካርቦኑ ይቃጠላል፣ ጨው ግን እዚያው ቀርቶ ከቀን ወደ ቀን እንክብሉን እንደ አመዳይ ያለብሰዋል።

በ1988 ሱጊሙራና ሱዙኪ የተባሉ የጃፓን ተመራማሪዎች በዚሁ በእሳት መንገድ ከቀድሞው እጅግ የበለጠ ካርቦን አገኘን ባሉ ጊዜ፣ የባሕር ኬሚስትሪ ሊቃውንት ታወኩ፤ ነገሩ እውነት ቢሆን የውቅያኖስ ሒሳብ ሁሉ እንደገና ሊጻፍ ነበርና። በ1991 በሲያትል ተሰብስበው መረመሩት፤ በ1993ም ሱዙኪ ራሱ ውጤቱን በጽሑፍ ሻረ፤ እኔ ይህን ከግኝት የማያንስ ክብር ያለው ሥራ አድርጌ እቈጥረዋለሁ።

ክርክሩ ያጋለጠው ትልቁ ችግር ግን «ባዶ» የሚሉት ነበር፤ እንክብሉም፣ መሣሪያውም፣ ተጣርቶ ንጹሕ የተባለው ውኃ እንኳ የየራሱን ካርቦን ስለሚጨምር፣ ይህን ትርፍ ለክቶ ያልቀነሰ ሰው የመሣሪያውን እድፍ የባሕር ሀብት ነው ብሎ ይጽፋል። ባዶው በጥንቃቄ ሲቀነስ የእሳቱና የቀደሙት መንገዶች ቁጥሮች ተቀራረቡ።

ዛሬ የማያሚ ዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ በጥልቅ የባሕር ውኃ የሞላቸውን የታሸጉ ብልቃጦች ለየአገሩ ቤተ ሙከራዎች ያድላል፤ የጥልቁ ካርቦን በአማካይ ከ4,000 እስከ 6,000 ዓመት የቈየ፣ በቀላሉ የማይለወጥ ነውና ለመመዘኛነት ተመረጠ። ባለሙያውም የራሱን ውኃ ከመለካቱ አስቀድሞ ከእነዚህ አንዱን ብልቃጥ ሰብሮ ጠብታዋን ወደ ምድጃው ይልካል፤ ቁጥሩ በኪሎ 40 ማይክሮሞል አካባቢ፣ ከተባለው መጠን ገጥሞ ሲወጣለት የዕለቱን ሥራ ይጀምራል።