ኬኩ መሐሉ ላይ ለምን ይሰምጣል?

በቦሌ፣ በገርጂም ሆነ በአያት ኮንዶሚኒየሞች የልደት ኬክ ቤት ውስጥ መጋገር እየተለመደ መጥቷል። አሠራሩ ከዩቲዩብ ይወሰዳል፣ ዱቄቱ በልኩ ይሰፈራል፣ ኬኩም ገና ሃያ ደቂቃ ሳይሞላው ኩፍ ብሎ ልጆቹን ያስቦርቃል። ከዚያ መሐሉ ቁጭ ይላል። የእንቁላሉና የቅቤው ዋጋ የሚያንገበግበው ያን ጊዜ ነው። ጥፋቱ በጋጋሪዋ እጅ ይላከካል፣ ካልሆነም በኦቨኑ። ተስፋ ቆርጦ አዲስ ኦቨን ፍለጋ የሚወጣም አለ።

ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት አንድ ቁጥር ልብ በሉ። የቦሌ አየር ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ይገኛል። በአሜሪካ በከፍታዋ የታወቀችው ዴንቨር እንኳ 1,600 ሜትር ገደማ ናት። ከኢንተርኔት የምንወስዳቸው አሠራሮች ደግሞ አብዛኞቹ የተጻፉት ለዝቅተኛ ቦታ ነው።

እኛ ጋ አየሩ ሳሳ ያለ ነው። ከቤኪንግ ፓውደሩ የሚወጣው ጋዝ ከላይ የሚጫነው ስለሚቀንስ ቶሎና ከልክ በላይ ይነፋል፤ ዱቄቱና እንቁላሉ ሳይጠነክሩ ኬኩ ከፍ ይልና ይወድቃል። ውሃም የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ድብልቁ ቶሎ እርጥበቱን ያጣል፣ ስኳሩም ይበዛበታል። ድሬዳዋ ያለችው እህታችሁ በዚያው አሠራር ያማረ ኬክ ብታወጣ አይድነቃችሁ፤ ከተማዋ ከእኛ ከ1,000 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች።

መፍትሔው ከቤኪንግ ፓውደር ይጀምራል። አሠራሩ ሁለት የሻይ ማንኪያ ካለ አንድ ተኩል አድርጉ፤ አሁንም ከሰመጠ በሚቀጥለው አንድ ከሩብ። ከእያንዳንዱ ኩባያ ስኳር አንድ ወይም ሁለት የሾርባ ማንኪያ ቀንሱ፤ በእያንዳንዱ ኩባያ ወተት ወይም ውሃ ላይ ደግሞ ከሁለት እስከ አራት የሾርባ ማንኪያ ጨምሩ። 180 ዲግሪ የተባለውን 190 አድርጉትና ከተባለው ሰዓት አምስት ደቂቃ ቀደም ብላችሁ በስንጥር ፈትሹ። ለስፖንጅ ኬክ እንቁላሉን እስኪደርቅ አትምቱት፤ ጫፉ ጎንበስ ሲል ይብቃው። የጾም ኬክ ደግሞ ደግፎ የሚያቆመው እንቁላል ስለሌለው ጠለቅ ባለ ሳይሆን ሰፋ ባለ ዕቃ ቢጋገር ይሻላል። እርሾ ያለበት ድፎ ዳቦም እዚህ ቶሎ ይነሣል፤ ስለዚህ ሰዓት ከመቁጠር እጥፍ መሆኑን ማየት ነው።

ኦቨኑም ከደሙ ንጹሕ ነው ማለት ግን አይደለም። በ220 ቮልት እንዲሠራ የተሠራ ኦቨን መብራቱ ወደ 180 ሲወርድ የማሞቅ ኃይሉ ወደ ሁለት ሦስተኛ ይቀንሳል። ምሽት ላይ ጎረቤቱ ሁሉ ምጣድ ሲጥድ የእናንተ ኦቨን ለመሞቅ የሚንቀራፈፈው ለዚህ ነው። እንግዲያው ጠዋት ጋግሩ፣ በራሳችሁም ቤት የእንጀራው ምጣድ እየሠራ ኦቨን አትክፈቱ፣ ቢያንስ ለ20 ደቂቃ አስቀድማችሁ አሙቁት። በሩንም ለማየት ያህል እያላችሁ አትክፈቱ፤ ያመለጠው ሙቀት ቶሎ አይመለስም።

ሥራዬ ማርኬቲንግ ስለሆነ ልናገር፦ ዕቃ የሚሸጠው በፕሮግራሙ ብዛት ነው። አሥር ዓይነት ምልክት ካለው አዲስ ኦቨን ይልቅ ውስጡ የሚቀመጥ ትንሽ ቴርሞሜትር ይበልጥ ይጠቅማችኋል። ማዞሪያው 180 ሲል ውስጡ 150 ወይም 200 ሊሆን ይችላል፤ ልዩነቱን አንዴ ካወቃችሁ እዚያው ማዞሪያ ላይ ታካክሱታላችሁ። ጋዝ ኦቨን ከሆነ እሳቱ ከታች ስለሚመጣ ኬኩን መካከለኛው መደርደሪያ ላይ አድርጉት፤ ሥሩ የሚያርር ከሆነ ከበታቹ ባዶ ትሪ አስገቡ።

መብራት ቢጠፋስ? ኬኩ ሊበስል ጥቂት ደቂቃ ቀርቶት ከሆነ በሩን ሳትከፍቱ ተዉት፤ በውስጡ ባለው ሙቀት ሊጨርስ ይችላል። ገና እንደገባ ከሆነ ግን እንደ ኬክ አይተርፍም፤ መብራት ሲመጣ አብስላችሁ በስሱ ቁረጡና ዳግም አድርቁት፣ ለቡና ቁርስ ይሆናል።

ሁሉንም ለውጥ በአንድ ቀን አትሞክሩ፤ የቱ እንደሠራ አታውቁም። ከልደቱ ሳምንት ቀደም ብላችሁ በግማሽ መጠን ጋግሩ፣ የሠራላችሁንም ልክ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ የወጥ ቤት ቁም ሳጥን በር ላይ ለጥፉት።